የመኪና ስፒከር አመራረጥና አቀያየር፦ ከመለካት እስከ ማስተካከል

«ስፒከር ልቀይር ነው፤ የቱን ልግዛ?» ይህን ጥያቄ ሳልሰማ የማልፍበት ሳምንት የለም። መልሼ የምጠይቀውም ሁሌ አንድ ነው፦ «ከበሩ ብረት እስከ መስታወቱ ስንት ሴንቲ ሜትር አለ?» አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ዝም ይላል። አንዴ ልጻፈውና ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህንኑ ልስጥ ብዬ ነው።

መመሪያው ቴፑን ሳይነኩ የበር ስፒከር ብቻ ለሚቀይሩ ነው። አምፕሊፋየርንና (ለብቻው የሚገጠም የድምፅ ማጉያ) ሰብዎፈርን (በጣም ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ትልቅ ስፒከር) የማነሳው የግድ ሲሆን ብቻ ነው። ለጀማሪ ሁለት በር ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ሁለተኛው በር ከመጀመሪያው በግማሽ ጊዜ ያልቃል።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። በር ላይ ለተገጠመ ስፒከር ሳጥኑ በሩ ነው። ሳጥኑ ቀዳዳ በቀዳዳ ከሆነ ውዱም ስፒከር እንደ ርካሹ ይጮኻል። ስለዚህ ያላችሁን ገንዘብ በሙሉ ስፒከሩ ላይ አትጨርሱ፤ ለማሸጊያና ስፒከሩን ከበሩ ብረት ጋር ለሚያገጣጥመው ቀለበት አስቀሩ።

ከመግዛታችሁ በፊት

1. ጥፋቱ የስፒከሩ መሆኑን አረጋግጡ። በቴፑ ላይ ባለው የግራ ቀኝና የፊት ኋላ ማስተካከያ ድምፁን ወደ አንድ በር ብቻ ላኩት። የሚንኮሻኮሸው ድምፅ የበሩን ሽፋን በእጃችሁ ስትደግፉት ከጠፋ ስፒከሩ ደህና ነው፤ የላላው ክሊፕ ነው። ድምፁ በሩን ስትከፍቱና ስትዘጉ እየመጣ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ በበሩ ማጠፊያ በኩል የሚያልፈውን ሽቦ ጠርጥሩ። ስፒከሩን ማየት ከቻላችሁ ኮኑን (ፊት ለፊት የሚታየውን ሾጣጣ ክፍል) በሁለት እጅ ጣቶች ዙሪያውን እኩል አድርጋችሁ በቀስታ ወደ ውስጥ ግፉት። ውስጥ የሚፋተግ፣ አሸዋ የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ ከሰማችሁ ኮይሉ (ከኮኑ ጀርባ ያለው የሽቦ ጥቅል) ተቃጥሏል ወይም ተጣሟል ማለት ነው። በኮኑ ዙሪያ ያለው ስፖንጅ ጠርዝ በጣት ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነም ጊዜው አልፏል። ላስቲክ ጠርዝ ከስፖንጅ ይልቅ ፀሐይንና እርጥበትን ይችላል፤ አዲስ ስትገዙ ይህን ተመልከቱ።

2. ለኩ። ሳጥን ላይ የሚጻፈው «6.5 ኢንች» ወይም «6×9» መጠሪያ እንጂ ልኬት አይደለም። ሁለት ባለ 6.5 ኢንች ስፒከሮች የቪቴ ቀዳዳቸውም ጥልቀታቸውም ሊለያይ ይችላል። የበሩን ሽፋን አንዴ ፈታችሁ (አፈታቱ ከታች አለ) አራት ነገር መዝግቡ፦ የቀዳዳውን ስፋት፣ በተቃራኒ ቪቴዎች መካከል ያለውን ርቀት፣ ከብረቱ ወደ ውስጥ እስከ መስታወቱ ያለውን ጥልቀት፣ በመጨረሻም ከብረቱ ወደ ውጭ እስከ ሽፋኑ ወንፊት ያለውን ክፍተት። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። መሐሉ ላይ ትዊተር (ቀጭን ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ስፒከር) የቆመበት ስፒከር ወንፊቱን ሊነካ ይችላል።

ጥልቀቱን ስትለኩ መስታወቱ ሙሉ በሙሉ ወርዶ መሆን አለበት፤ ለማውረድ በ13ኛው ደረጃ እንደተባለው ሶኬቶቹን መልሳችሁ ባትሪውን እሰሩ። እኔ ይህን የተማርኩት በራሴ በር ላይ ነው። መስታወቱ ወጥቶ ሳለ ለካሁ፣ ገጠምኩ፣ ሽፋኑን መለስኩ፤ ከዚያ መስታወቱን ሳወርደው ሁለት ሦስተኛው ላይ ሲደርስ «ቀጭ» ብሎ ማግኔቱ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ የማደርገው ይህን ነው፦ ከልጆች መጫወቻ ፕላስቲሊን የአውራ ጣት የምታህል ቁራጭ በስፒከሩ ማግኔት ጀርባ ላይ ለጥፌ ስፒከሩን በሁለት ቪቴ አስሬ መስታወቱን በዝግታ አወርዳለሁ። ፕላስቲሊኑ ከተጨፈለቀ በኋላ የቀረው ውፍረት ትክክለኛው ክፍተት ነው። ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ወፈር ያለ ቀለበት ያስፈልጋል፤ በር ሲዘጋ መስታወት ይወዛወዛልና።

3. የድሮውን ስፒከር ኦም (ለኤሌክትሪክ ያለውን መቋቋም) ለኩ። ስፒከሩን ከሽቦው ነቅላችሁ መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ኦም ላይ አድርጋችሁ ሁለቱን ጆሮዎች፣ ማለትም ሽቦ የሚታሰርባቸውን ብረቶች፣ ንኩ። ባለ 4 ኦም ስፒከር በመልቲሜትር ከ3.2 እስከ 3.8 ገደማ ያሳያል፤ ባለ 2 ኦም ደግሞ ከ2 ዝቅ ይላል። ይህ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው? አብዛኛው ቴፕ የተሠራው ለ4 ኦም ነው። ባለ 2 ኦም ብታስሩበት ከሚችለው በላይ ኤሌክትሪክ ይስቡበታል፤ ይግላል፣ ራሱን ያጠፋል ወይም ይቃጠላል። በተቃራኒው ከፋብሪካው ባለ 2 ኦም የነበረውን በባለ 4 ኦም ብትተኩ የሚቃጠል ነገር የለም፤ ነገር ግን ስፒከሩ የሚደርሰው ኃይል በግማሽ ይቀንስና «አዲሱ ከድሮው ዝቅ አለብኝ» ትላላችሁ።

ከፋብሪካው የራሱ አምፕሊፋየር ያለው መኪና ላይ ጥንቃቄው ይጨምራል። እንዲህ ያለው አምፕሊፋየር ድምፁን የሚያስተካክለው ለድሮዎቹ ስፒከሮች ጉድለት በልኩ ነው። ስፒከሩን ብቻ ስትቀይሩ ማስተካከያው እንደነበረ ስለሚቆይ አንዳንዴ ድምፁ ይሰላል፣ ይጮኻል። እዚያ መኪና ላይ መጀመሪያ የፊቱን ብቻ ቀይራችሁ ስሙት።

4. ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ፤ ትልቁን ሳይሆን ትንሹን። «300 ዋት» ብሎ በትልቁ የሚጻፈው ለቅጽበት የሚችለው ነው። እናንተ የምትፈልጉት «አርኤምኤስ» ከሚለው ቃል አጠገብ ያለውን ነው፤ ስፒከሩ ሳይጎዳ ያለማቋረጥ የሚሸከመው እሱን ነው።

ቴፑም እንዲሁ ያጋንናል። «50 ዋት × 4» የሚለውን ተመልከቱ። ሞተር ሲሠራ ቮልቴጁ 14.4 ገደማ ነው። 14.4ን በራሱ አባዝታችሁ ለ4 ኦም አካፍሉት፦ 51.8 ዋት። ከዚህ ነው የመጣው! ግን ይህ ኃይል የሚወጣው የሙዚቃው ሞገድ አናቱና ግርጌው ተቆርጦ ሳጥን ሲመስል፣ ማለትም ድምፁ ፈጽሞ ሲበላሽ ነው። ለንጹሕ ድምፅ የሚተርፈው ግማሹ፣ ወደ 26 ዋት ነው፤ ቴፑ ውስጥ የሚባክነው ሲቀነስ ደግሞ ለአንድ ስፒከር ከ15 እስከ 20 ዋት ይደርሰዋል። ስለዚህ አምፕሊፋየር ሳይኖራችሁ 100 ዋት አርኤምኤስ የሚሸከም ስፒከር መግዛት በራሱ ድምፅ አይጨምርም።

በዚህ ትንሽ ኃይል ድምፁን ከፍ የሚያደርገው ሌላ ቁጥር ነው፤ በዲቢ (ዴሲቤል፣ የድምፅ መለኪያ) የሚጻፈው «ሴንሲቲቪቲ»። 3 ዲቢ ልዩነት የኃይል እጥፍ ነው። ባለ 87 ዲቢ ስፒከር በ20 ዋት የሚያወጣውን ድምፅ ባለ 90 ዲቢው በ10 ዋት ያወጣዋል። በቴፕ ብቻ ለሚነዳ ስፒከር 90 እና ከዚያ በላይ ፈልጉ። ስታነጻጽሩ ግን ከቁጥሩ ጎን ያለውን አስተውሉ፦ አንዱ «በ1 ዋት»፣ ሌላው «በ2.83 ቮልት» ይላል። 2.83 ቮልት በ4 ኦም ላይ 2 ዋት ስለሆነ ሁለተኛው ቁጥሩን በ3 ዲቢ አሳብጦ ነው የጻፈው። ቀንሳችሁ አወዳድሩ።

5. ዓይነቱን ወስኑ። ኮአክሲያል የሚባለው ትዊተሩን መሐሉ ላይ ይዞ ይመጣል፤ በአንድ ቀዳዳ ይገባል፣ ሽቦው ሁለት ብቻ ነው። ኮምፖነንት ደግሞ ዎፈሩ (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ስፒከር) በር ላይ፣ ትዊተሩ ለብቻው ከፍ ብሎ፣ በመካከላቸው ክሮስኦቨር (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለይቶ የሚያከፋፍል ክፍል)። ቀጭን ድምፅ አቅጣጫው ጠባብ ስለሆነ ከበር ግርጌ ሲወጣ ወደ እግራችሁ ይሄዳል፤ ኮምፖነንት ላይ ትዊተሩ ወደ ጆሮ ስለሚቀርብ ዘፋኙ ከፊታችሁ የቆመ ይመስላል። መኪናችሁ ከፋብሪካው የትዊተር ቦታ ካለው ለፊት በር ኮምፖነንት ውሰዱ። ከሌለው ቦታ ለመፈብረክ አትድከሙ፤ ጥሩ ኮአክሲያል ይበቃል። ለኋላ በር ኮአክሲያል ነው፣ አለቀ። ገንዘቡ ለአንድ ጥንድ ብቻ ከበቃ ደግሞ ፊቱን ቀይሩ፤ ሹፌሩ የሚሰማው እሱን ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ካቻቪቴ፣ ጠፍጣፋና ባለ መስቀል፤ የቡሽ ቁልፍ ስብስብ
- የፕላስቲክ መፈልቀቂያ (የብረቱ ቀለም ይልጣል)
- መልቲሜትር፣ አንድ 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ
- ፒንሳ፣ የሽቦ መላጫ፣ ስታኞ ወይም መቆንጠጫ ማያያዣ፣ ናስትሮ
- ለመኪናችሁ ሞዴል የተሠራ ማስተካከያ ቀለበትና አገናኝ ሶኬት
- ባለ ማጣበቂያ ስፖንጅ፣ ወርዱ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ
- የንዝረት ማፈኛ ቡቲል፣ ለማጽጃ አልኮል፣ ጨርቅ
- ወፍራም ጓንት
- ትርፍ የበር ክሊፖች (ከድሮዎቹ ሁለት ሦስቱ መሰበራቸው አይቀርም)

ድሪል የሚያስፈልገው የድሮው ስፒከር በሪቬት (በማይፈታ የብረት ማያያዣ) ከተመታ ነው።

ማስጠንቀቂያ፤ ይህን ሳታነቡ ወደ ሥራ አትግቡ

የጎን ኤርባግ ያላቸው መኪኖች በር ውስጥና በመስታወት ምሰሶ ውስጥ የኤርባግ ሽቦ ወይም ሴንሰር ይኖራል፤ ሶኬቱ አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ ነው። አትንኩት፣ በመልቲሜትርም አትለኩት። አንዳንድ መኪኖች ደግሞ የጎን ግጭትን የሚያውቁት በፊት በር ውስጥ ባለው የአየር ግፊት ለውጥ ነው። እዚያ በር ላይ ክፍት ቀዳዳ መተው ወይም የውስጡን ላስቲክ ቀዶ መጣል ድምፅ ብቻ አያበላሽም፣ ደኅንነትንም ይነካል። በምሰሶው ላይ ትዊተር የምትገጥሙ ከሆነ መጋረጃው ኤርባግ በሚዘረጋበት መንገድ ላይ ዕቃም ሽቦም አታሳልፉ።

የስፒከርን ኔጌቲቭ ሽቦ ከመኪናው ብረት ጋር በፍጹም አታገናኙ። የዛሬ ቴፖች ሁለቱንም ሽቦ ነው የሚነዱት፤ ኔጌቲቩ ባዶ አይደለም። ብረት ከነካ የቴፑ ማጉያ ክፍል ይቃጠላል።

አሠራሩ

6. መስታወቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ አውጡት፣ ቁልፉን አጥፉ፣ ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፈትታችሁ 10 ደቂቃ ጠብቁ። ኤርባጉ የያዘው ኤሌክትሪክ እስኪያልቅ ነው። ቴፑ ባትሪ ሲነቀል የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ዓይነት ከሆነ ቁጥሩን ሳታገኙ አትንቀሉ።

7. የበሩን ሽፋን ፍቱ። ቪቴዎቹ የተደበቁት ከመክፈቻው እጀታ ጀርባ፣ በእጅ መደገፊያው ጉድጓድ ግርጌና በትንንሽ ክዳኖች ሥር ነው። አንድ እንኳ ሳይፈታ ብትጎትቱ ሽፋኑ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ እንቢ ያለ ሽፋን ሲያጋጥማችሁ ጉልበት አትጨምሩ፣ የቀረውን ቪቴ ፈልጉ። ሁሉም ሲወጡ ከታች ጥግ ጀምራችሁ ክሊፖቹን አንድ በአንድ አስለቅቁና ሽፋኑን ወደ ላይ አንሱት። ጀርባው በእጀታው ገመድና በመስታወቱ ሶኬት ታስሮ ስለሚቀር በአንድ ጊዜ አትንጠቁት። ከመንቀላችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ።

8. የድሮውን ስፒከር አውጡ። በሪቬት ከተመታ አናቱን በድሪል ብሉት። አዲሱን ስፒከር ይህን ስትሠሩ አጠገባችሁ አታስቀምጡ፤ የብረት ፍርፋሪ ማግኔቱ ይስበውና በኮይሉ ክፍተት ከገባ ማስወጫ የለውም። ፍርፋሪውን ከበሩ ውስጥ ጠርጋችሁ አውጡ፣ የተበሳውን ብረት ቀለም ቀቡት፤ ካልሆነ ይዝጋል።

9. በሩን አዘጋጁ። ውጤቱን ከሁሉ በላይ የሚለውጠው ይህ ነው፣ ሰው ሁሉ የሚዘለውም ይህንን ነው። የስፒከር ኮን ከፊቱ አየር ሲገፋ ከኋላው ይስባል፤ የፊቱና የኋላው ድምፅ በክፍተት ከተገናኙ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። በውጨኛው ብረት ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ በተለይ ከስፒከሩ ትይዩ፣ አልኮል በነካ ጨርቅ ጠርጋችሁ ቡቲል ለጥፉ። ሙሉውን መሸፈን አያስፈልግም፤ ሩብ ያህሉ ንዝረቱን ይገድለዋል። በጣት አንጓ ብታንኳኩት «ታንግ» ይል የነበረው «ዱብ» ይላል። በበሩ ግርጌ ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ግን አትድፈኑ። የዝናብ ውሃ በመስታወቱ ጠርዝ መግባቱ የተለመደ ነው፤ መውጫ ካጣ በሩ ከውስጥ ይበሰብሳል።

10. ቀለበቱን እሰሩ። ከቀለበቱና ከብረቱ መካከል ዙሪያውን ስፖንጅ አድርጉ፣ ጫፍና ጫፉ ክፍተት ሳይተው ይገናኝ። ቀለበቱ ፕላስቲክ ቢሆን ይመረጣል። ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ጣውላ) ወይም ኮምፔንሳቶ ከሆነ ሳይገጠም በፊት ከነጠርዙ ቀለም ጠጥቶ ይድረቅ፤ ያልተቀባ ኤምዲኤፍ እርጥበት ሲነካው እንደ ዳቦ ያብጣል።

11. ሽቦውን አገናኙ። አገናኝ ሶኬት ካላችሁ የፋብሪካውን ሽቦ አትቁረጡ፤ ነገ የድሮውን ለመመለስ ያግዛችኋል። በቴፕ ኃይል ብቻ ለሚሠራ ስፒከር የፋብሪካው ሽቦ ይበቃል፤ አዲስ የምትዘረጉ ከሆነ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ከበቂ በላይ ነው። በስፒከሩ ላይ ሰፊው ጆሮ ፖዘቲቭ፣ ጠባቡ ኔጌቲቭ ነው። ከፋብሪካ ውጭ የተገዛ ቴፕ ሽቦ ቀለሞች ብዙውን ጊዜ እነዚህ ናቸው፦ ነጭ ፊት ግራ፣ ግራጫ ፊት ቀኝ፣ አረንጓዴ ኋላ ግራ፣ ወይን ጠጅ ኋላ ቀኝ፤ ጥቁር መስመር ያለበት የየቀለሙ ኔጌቲቭ ነው። ከፋብሪካው የመጣ ሽቦ ግን ይህን አይከተልም።

ጥርጣሬ ካደረባችሁ የ1.5 ቮልቱን ባትሪ ፖዘቲቭ በአንዱ ጆሮ፣ ኔጌቲቩን በሌላው ለቅጽበት ንኩ። ኮኑ ወደ ውጭ ከዘለለ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው የስፒከሩ ፖዘቲቭ ነው። ይህን ለዎፈር እንጂ ለትዊተር አታድርጉ።

ትዊተር ለብቻው የምትቀይሩ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። ከፋብሪካው ትዊተር ጀርባ ትንሽ ካፓሲተር ተበይዶ ታገኛላችሁ። ወፍራሙን ድምፅ የሚያግደው እሱ ነው። አዲሱ ያለ ካፓሲተርና ያለ ክሮስኦቨር ከታሰረ በመጀመሪያው ዘፈን ይቃጠላል።

12. ስፒከሩን እሰሩ። ቪቴዎቹን እንደ ጎማ ብሎን በተቃራኒ በተቃራኒ አጥብቁ፣ በእጅ ካቻቪቴ። በድሪል ብታጠብቁ ክፈፉ ይጣመማል፤ የተጣመመ ክፈፍ ኮይሉን ከማግኔቱ ጋር ያፋትገዋል። በስፒከሩ ፊት ዙሪያም ሽፋኑን እስኪነካ ወፈር ያለ ስፖንጅ አድርጉ፤ ድምፁ ወደ ሽፋኑ ጀርባ ከመግባት ይልቅ በወንፊቱ ይወጣል።

13. ሳትዘጉ ሞክሩ። የፈታችኋቸውን ሶኬቶች በሙሉ መልሳችሁ ባትሪውን እሰሩ። አንድ ሶኬት ተነቅሎ ሳለ ቁልፍ ብትከፍቱ የኤርባግ መብራት በርቶ ይቀራል። መስታወቱን እስከ መጨረሻው አውርዱና አውጡ። ከዚያ ወፍራም ድምፅ ያለው ዘፈን በመጠኑ ክፈቱ፣ ግራ ቀኙን መሐል ላይ አድርጉ። ባሱ ከፊታችሁ መሐል ከመጣ ጥሩ ነው። ባሱ ከሳና ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ካልታወቀ አንዱ በር ተገልብጦ ታስሯል።

አንድ ወዳጄ አዲስ ስፒከር አስገጥሞ «ባሱ ከድሮውም ጠፋ፣ አምፕሊፋየር ልግዛ» ብሎ መጥቶ ነበር። የቀኙን በር ከፍተን ሁለቱን ሽቦ አገላበጥን። ሽፋኑን ሳንመልስ ገና፣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ የነበረው ሰውዬ ብድግ አለ። አምፕሊፋየሩ ቀረ።

14. ሽፋኑን መልሱ። የውስጡን ላስቲክ ወይም ፕላስቲክ እንደነበረ ለጥፉ፤ ውሃ ወደ ምንጣፉ እንዳይሻገር የሚያግደው እሱ ነው። የተሰበሩትን ክሊፖች ቀይሩ። በክሊፖቹና በገመዶቹ ዙሪያ ቁራጭ ስፖንጅ ጠቅልሉ፤ ነገ የሚንኳኳው እነሱ ናቸውና።

15. ቴፑን አስተካክሉ። ከፍ ዝቅ ያደረጋችሁትን ባስና ትሬብል ሁሉ ዜሮ ላይ መልሱ፤ ለድሮዎቹ ስፒከሮች የተደረገ ነው። ቀጥሎ «ኤችፒኤፍ» የሚለውን ፈልጉና ለ6.5 ኢንች 80 ኸርዝ፣ ለ4 ኢንች ከ100 እስከ 120 ኸርዝ ላይ አድርጉ። ይህ ማጣሪያ ትንሿ ስፒከር የማትችለውን ወፍራም ድምፅ ይቆርጥላታል፤ ኮኗ ከልክ በላይ ከመዝለል ትድናለች፣ ድምፁም ንጹሕ ሆኖ ከፍ ይላል። «ባሱን ለምን እቀንሳለሁ?» ብላችሁ አትከራከሩኝ፤ ለአንድ ቀን ሞክሩት። ሰብዎፈር ከሌላችሁና ባሱ ቀጭን ከሆነባችሁ 60 ላይ አውርዱት።

ድምፁን ስትጨምሩ መሻከር የሚጀምርበትን ቁጥር ያዙ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ዝቅ ያለው ጣሪያችሁ ነው። ትዊተር የሚቃጠለው በኃይል ብዛት ብቻ አይደለም፤ ደካማ ቴፕ ከአቅሙ በላይ ሲከፈት የሚያወጣው የተቆረጠ ሞገድም ያቃጥለዋል።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- ቀለበት ሳይገዙ ስፒከሩን በሁለት ቪቴ አንጠልጥሎ መተው። ባስ የለም የሚሉኝ አብዛኞቹ እዚህ ናቸው።
- ለኋላ ትልልቅ 6×9 ገዝቶ ፊቱን የፋብሪካ መተው። ሙዚቃው ከጀርባ ይመጣል።
- ሽቦውን ጠምዝዞ ያለ ስታኞና ያለ ማያያዣ በናስትሮ ብቻ መጠቅለል። በር ውስጥ ይሞቃል፣ ይረጥባል፤ ሙጫው ይለቅና ሽቦው ብረቱን ይነካል።
- በአንድ የቴፕ መስመር ላይ ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከር ጎን ለጎን ማሰር። 2 ኦም ይሆናል፤ በ3ኛው ደረጃ ያልነው ይደርሳል።
- ከመጀመሪያው ቀን የሚንኳኳውን በር «ይለምዳል» ብሎ መተው። አይለምድም። ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ከፍታችሁ ቪቴዎቹን ዳግም አጥብቁ፤ ስፖንጁ ሲጨፈለቅ ይላላሉ።